የራቀውን ቡድን ለማየት

የክርክሩ ጉዳይ ይህ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) እሁድ ከሰዓት የሚያካሂዳቸው ብዙ ጨዋታዎች በምንኖርበት ከተማ ቴሌቪዥን አይታዩም። እነሱን በክፍያ የሚያሳየው ፓኬጅ፣ «ሰንደይ ቲኬት»፣ የተጀመረው በ1994 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ለቤት ተመልካች ለረጅም ዓመታት የሸጠው የዲሽ ቴሌቪዥን ኩባንያው ዳይሬክቲቪ ብቻ ነበር። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ዩቲዩብ ነው። ለአንድ ሻጭ ብቻ መስጠቱ ተገቢ ነው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ያደግኩት ሲያትል ነው። አባቴ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ እሁድ ከሰዓት ግን ሥራ አይወጣም። የሲያትልን ቡድን፣ ሲሃውክስን፣ አብረን እናያለን። ለሥራ ሜሪላንድ ስመጣ ቡድኔ ከቴሌቪዥኔ ጠፋ። እዚህ በብዛት የሚታዩት ዋሽንግተንና ባልቲሞር ናቸው። ያኔ ሰንደይ ቲኬት የሚመጣው በዲሽ ነው፤ ዲሹ ደግሞ ወደ ደቡብ ክፍት ሰማይ ይፈልጋል። የእኔ በረንዳ የዞረው ወደ ሰሜን ነው። ገንዘቡን ይዤ የምሄድበት ሌላ ሻጭ አልነበረም። አባቴ ጨዋታውን በስልክ ይተርክልኝ ነበር። ያው ጨዋታ ሲያትል ውስጥ በአንቴና በነፃ ይታያል!

ከዳላስ፦ ልጄ፣ የአባትሽ ነገር ልቤን ነክቶኛል። ግን ገንዘቡ የት እንደሚሄድም እንይ። ከሀገር አቀፍ የቴሌቪዥን ውል የሚገኘው ለ32ቱ ቡድኖች እኩል ይከፋፈላል። ግሪን ቤይ መቶ ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ከኒውዮርክ ቡድኖች ጋር ተፎካክራ የምትኖረው በዚህ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ጨዋታውን ለየብቻ ቢሸጥ ኖሮ የእኔ ዳላስ ሁሉንም ጠቅልላ ትወስድ ነበር። ዩቲዩብ በዓመት ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር እንደሚከፍል ተዘግቧል። ያን ያህል የሚከፍለው ለብቻው ስለሚይዘው ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ ስለ ግሪን ቤይ ያሉት እውነት ነው፤ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ገንዘብ እኩል መካፈል ሌላ፣ ለአንድ ሻጭ መስጠት ሌላ። ቤዝቦልን ይዩ። በ2007 ሊጉ የራሱን የሩቅ ጨዋታዎች ፓኬጅ ለዳይሬክቲቪ ብቻ ሊሰጥ ነበር። ደጋፊው ጮኸ፣ ሴናተር ጆን ኬሪም ጉዳዩን ያዙት፣ በመጨረሻ የኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያዎቹም አገኙት። በኋላም ቤዝቦል የአንድ ቡድንን ጨዋታ ብቻ ነጥሎ መሸጥ ጀመረ። በፉትቦል ግን በ2023 የዩቲዩብ ቲቪ (የዩቲዩብ የክፍያ ቴሌቪዥን) ደንበኛ ላልሆነ ሰው መደበኛ ዋጋው 449 ዶላር ነበር፤ ያውም የሁሉንም ቡድን። በ2024 ሎስ አንጀለስ በተሰማው፣ የሰንደይ ቲኬት ገዢዎች በሊጉ ላይ ባቀረቡት ክስ ላይ የወጣውን ሰነድ አይተዋል? የስፖርት ቴሌቪዥኑ ኢኤስፒኤን ለሙሉ የውድድር ዘመን 70 ዶላር እንዲሆን፣ የአንድ ቡድን ምርጫም እንዲኖር ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሊጉ አልተቀበለም። ዳኞቹም፣ ከተራው ሕዝብ የተውጣጡት (ጁሪ) ማለቴ ነው፣ ሊጉ የነፃ ውድድርን ሕግ ጥሷል ብለው 4.7 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱ።

ከዳላስ፦ መጨረሻውንም ንገሪያቸው እንጂ። ነሐሴ ሳይገባ፣ ኦገስት 1 ቀን፣ ዳኛ ፊሊፕ ጉቲየሬዝ ውሳኔውን ሻሩት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሻሩት፤ ግን የከሳሾቹ ባለሙያዎች የሰጡት ምስክርነትና ስሌት አያስኬድም ብለው ነው። ዋጋው ትክክል ነው አላሉም። ከሳሾቹም ይግባኝ ብለዋል።

ከዳላስ፦ ይሁን። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በነፃ የሚታዩት ጣቢያዎች ሲቢኤስና ፎክስ ለሊጉ ብዙ ቢሊዮን የሚከፍሉት ከተማው ሁሉ የእነሱን ጨዋታ ስለሚያይ ነው። ሰንደይ ቲኬት ቢረክስ ተመልካቹ ይበተናል። ያኔ እነሱ የሚከፍሉት ይቀንሳል፤ ሊጉም ጨዋታዎቹን ከነፃ አንቴና አንስቶ ወደ ክፍያ ሊወስዳቸው ይችላል። እኔ ጡረተኛ ነኝ። የዳላስን ቡድን፣ ካውቦይስን፣ የማየው በሃያ ዶላር አንቴና ነው። አንቺ እንዲቀልልሽ እኔ ልክፈል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አይክፈሉ፣ ጋሼ። የእርስዎ አንቴና ይኑር፤ እኔም እከፍላለሁ። ግን አሁን የነገሩኝን ልብ ይበሉ። ዋጋው የተሰቀለው ብዙ ሰው እንዳይገዛ ነው ማለት ነው። ቤተሰቡ አንድ ከተማ፣ ሥራው ሌላ ከተማ የሆነበት ሰው ደግሞ መግዛት ግድ ይሆንበታል። ሲሃውክስ በመደበኛው ውድድር በዓመት 17 ጨዋታ አለው። ጥቂቶቹ በመላ ሀገሪቱ ስለሚታዩ እነሱን አልጠይቅም። የቀሩትን ብቻ ዋጋ ቆርጠው ይንገሩኝ፤ ነገውኑ እከፍላለሁ።