ለክቡር ተቆራጭ ስክሪንሾት፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ሰሞኑን ዝነኛ ሆኛለሁ። ዝናው የእርስዎ ሥራ ስለሆነ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው ብዬ ይህችን ደብዳቤ ጻፍኩ።

የሆነውን እርስዎ ያውቁታል፤ አንባቢ ግን ይፍረደን። እንደተለመደው ክትባት ላይ ክርክር ተነሣ። እኔም ዝም ማለት አቃተኝና አጭር ጽሑፍ ለጠፍኩ። መጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላን ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጥናት አትሞ ነበር።» ከዚያ ይቀጥላል። ጥናቱ የተሠራው በ12 ልጆች ላይ ብቻ ነው። የልጆቹ የሕክምና ታሪክ ተዛብቶ መቅረቡ ተደረሰበት። መጽሔቱ በ2010 ጥናቱን ሰረዘው፤ የጥናቱ መሪ አንድሩ ዌክፊልድም በዚያው ዓመት ከብሪታንያ የሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። በ2019 ደግሞ ከ650 ሺህ በላይ የዴንማርክ ልጆችን የተከታተለ ጥናት ወጣ፤ ክትባቱ የኦቲዝምን ዕድል እንደማይጨምር አሳየ። ሊንኮቹን ከሥር ደረደርኩ። ተኛሁ።

ስነቃ እርስዎ ተወልደዋል።

ወላጅዎ ማን እንደሆነ አላውቅም። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀርቶ ከሥሩ ያለውን ሙልጭ አድርጎ ቆርጦታል። «ጥናት አትሞ» የሚለው ላይ በቀይ ቀለም ክብ ሠርቶበታል። ስሜና ፎቶዬ ግን ሳይነኩ ቁጭ ብለዋል፤ ፎቶዬ ላይ ደግሞ ፈገግ ብያለሁ። ከላይ «ራሳቸው አመኑ!!!» ተብሎ ተጽፏል። ሦስት ቃለ አጋኖ። አንድ ብቻ ቢሆን የሚጠራጠር ሰው አይጠፋም ነበር።

ከዚያማ ምስጋናው ይጎርፍ ጀመር። ስንት ጊዜ የተከራከርኳቸው ሰዎች «ጀግና»፣ «በመጨረሻ አንድ ደፋር ተገኘ» እያሉ አሞገሱኝ። ወዳጆቼ በተራቸው ወረዱብኝ። አንደኛው ረጅም መልስ ጻፈልኝ፦ ጥናቱ በ12 ልጆች ላይ ብቻ እንደተሠራ፣ ኋላም እንደተሰረዘ፣ የዴንማርኩን ጥናት ባየው እንደሚበጀኝ። ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ ላይ የተቆረጠውን ግማሽ ለእኔው መልሶ አነበበልኝ! «ከመጻፍህ በፊት ትንሽ አንብብ» ብሎም መከረኝ። ያስቀመጠልኝ ሊንክ እንኳ የራሴው ሊንክ ነው።

ሙሉውን ጽሑፌን አውጥቼ አሳየሁ። «አሁን ነው ኤዲት ያደረግከው» ተባልኩ። «ስክሪንሾቱ እጃችን ላይ አለ እኮ!» ልብ ይበሉልኝ። ዋናው ጽሑፍ ከነቀኑ ከነሰዓቱ ቁጭ ብሎ ሐሰተኛው እሱ ሆነ። የኤዲት ታሪኩን አንድ ጊዜ ተጭኖ ማየት ይቻል ነበር፤ ማን ይጫን? እርስዎ ላይ ቀን የለም፣ ሊንክ የለም፣ ከየት እንደተቆረጡ የሚናገር አንድ ምልክት የለም። ይህ ሁሉ ጉድለት እርስዎን ይበልጥ አስከበረዎት። ቅጂው ዋናውን ከሰሰ፤ አስፈረደበትም። አንዱማ «ታዲያ ለምን ደበቅከው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምኑን? ለዓለም ሁሉ የለጠፍኩትን?

ከዘመዶችዎ ጋር ያለኝን የቆየ ቂም ዛሬ አላበዛውም። በጎርፍ በተጥለቀለቀ አውራ ጎዳና ላይ የሚዋኘው ያ በፎቶ ማቀናበሪያ የተሠራ ሻርክ እ.ኤ.አ. በ2011 ፖርቶ ሪኮ ነበር፤ በ2017 ሂውስተን ደረሰ። እኔ እንኳ እንደሱ አልዞርኩም። «ጥናቶች እንደሚያረጋግጡት» የሚሉት አጎትዎስ ደኅና ናቸው? የትኛው ጥናት ሲባሉ አሁንም «ራስህ ፈልግ» ነው መልሳቸው?

«ማስረጃህ የታለ?» የሚለውን የአጎትዎን ልጅ ግን አላልፈውም። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ እኔም እጠይቃለሁ። ሰውዬው የሚጠይቀው ግን ሊያነብ አይደለም፤ ሊያደክም ነው። አንድ ጥናት ስትሰጡት «አንድ ጥናት ምን ያረጋግጣል?» ይላል። አምስት ስትሰጡት «ይህን ሁሉ ማን ያነባል?» ይላል። የጤና ተቋም ሪፖርት ስትሰጡት «እነሱማ ተከፍሏቸው ነው።» እሺ፣ የአንተስ ማስረጃ ሲባል መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የሚጮህ ሰው ቪዲዮ ይልካል። አልቤርቶ ብራንዶሊኒ የሚባል ጣሊያናዊ የሶፍትዌር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳለው፣ የማይረባ ወሬ ለማፍረስ የሚያስፈልገው ጉልበት ወሬውን ለመፍጠር ከሚያስፈልገው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ልክ ነው። እርስዎን ለመቁረጥ ጣት በቃ። እኔ እርስዎን ለማስተባበል ሙሉ ቀን ሥራ ፈታሁ።

እስከዚህ ድረስ ይሳቅ። ማታ ግን ኢንቦክሴ ውስጥ አንድ መልእክት ገባ። የማላውቃት እናት ናት። «ወንድሜ ሰላም ላንተ ይሁን። ነገ የልጄ የክትባት ቀን ነው። አንተ አንብበህ ከሆነ የጻፍከው ልተወው?» ትላለች። ከታች እርስዎን አያይዛለች። ከነቀይ ክብዎ።

አንተ! ስማኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ኩፍኝ ከ100 ሺህ በላይ ሰው እንደገደለ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። አብዛኞቹ ክትባቱን ያላገኙ ወይም ያልጨረሱ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። እነዚህ ልጆች ከማንም ጋር አልተከራከሩም። ማሸነፍ መሸነፍ አያውቁም። አንተን የቆረጠህ ሰውዬ ደግሞ ቀሪውን አንብቦታል! ሳያነብ የት ላይ እንደሚቆርጥ በምን ያውቃል? ደሜን የሚያፈላው ይህ ነው። ያላወቀ ሰው ቢሳሳት አስረዳዋለሁ። ይሄ ግን 12 የሚለውን ቁጥር አይቷል፤ «ተሰረዘ» የሚለውን አይቷል፤ ገብቶታል። ከገባው በኋላ ነው ጣቱን ያሳረፈው። ለምን? ላይክ ለማግኘት? እኔን ለማሸነፍ? እሺ አሸነፈኝ። የሴትዮዋ ልጅ ምን አደረገችው?

ለእናትየዋ ሙሉውን ጽሑፍ ላክሁላት፤ ሐኪም እንድታነጋግርም ነገርኳት። አይታው ይሁን አላውቅም። እርስዎን አይተው ግን ሳይጠይቁኝ የቀሩት ስንት ይሆኑ?

ይቅርታ፣ አንቱታው አመለጠኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይጥፉ አልልም። ባለሥልጣን የለጠፈውን አጥፍቶ «በፍጹም አላልኩም» ሲል አፉን የሚያስይዙት እርስዎ ነዎት። ለዚያ ሥራ አንደኛ ነዎት፤ ማንም አይተካዎትም። አቤቱታዬም ከባድ አይደለም። ቀን ይኑርዎት። የመጡበት ሊንክ አብሮዎት ይምጣ። ከላይም ከታችም ሁለት ሁለት መስመር ይጨምሩ። ይህ ሁሉ በዛብኝ ካሉ ደግሞ ሌላው ይቅር፤ ቢያንስ ያን ቀይ ክብ ትንሽ ያስፉልኝ፣ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እንዲገባበት።