ማስተካከያ፦ ስለ ግሮቭ የሙዚቀኞች መዝገበ ቃላት
«የግሮቭ የሙዚቃና የሙዚቀኞች መዝገበ ቃላት በ1980 ተጀመረ፣ ጆርጅ ግሮቭም የሙዚቃ አቀናባሪ ነበር» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን እየዞረ ነው። ሁለቱም ልክ አይደሉም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው እትም ለንደን ላይ መውጣት የጀመረው በ1879 ነው፤ አራቱ ቅጾች ተጠናቀው ያለቁት በ1889። ግሮቭ ደግሞ በሙያው መሐንዲስ ነው፣ ጃማይካና ቤርሙዳ ላይ ለመርከቦች የመብራት ማማ ያቆመ ሰውዬ!

የ1980ው በስታንሊ ሳዲ አርታኢነት የወጣው ባለ20 ቅጹ «አዲሱ ግሮቭ» ነው። እሱ ላይ ዳግ ሄንሪክ ኤስረም ሄለሩፕ ለሚባል ዴንማርካዊ ዋሽንት ነፊ የሕይወት ታሪክ ተጽፎለታል። ሰውየው ግን ጭራሽ አልነበረም፤ አንዱ ጸሐፊ ለቀልድ የፈጠረው ነው። ሲነቃበት ከኋለኞቹ ኅትመቶች ወጣ። በተዘዋወረው ጽሑፍ ውስጥ «የተረሳው ሊቅ» ተብሎ የተሞገሰውም እሱው ነው።