አንድ ጠብታ አይወጣም?

ጥያቄው፦ ሐዋሳ አጠገብ አንቲባዮቲክ የሚያመርት ፋብሪካ ቢተከል፣ ፍሳሹን በደህና ማከም ይቻላል? የሚከራከሩት አንድ ፋርማሲስትና አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጥ ነጋዴ ናቸው።

ፋርማሲስቱ፦ አሞክሳሲሊን ሲጠፋ ልጅ ያዘለች እናት ከፋርማሲ ፋርማሲ ትዞራለች። «የለም» ማለት የሰለቸኝ እኔ ነኝ። እዚሁ ይመረት። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ በአልካሊና በሙቀት ይፈርሳሉ። እምቢ የሚሉትን ኦዞን ያፈርሳቸዋል፣ ወይም አክቲቭ ካርቦን የሚባለው የከሰል ማጣሪያ ይይዛቸዋል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርካችን ዜሮ ሊኩዊድ ዲስቻርጅ በሚባል ስርዓት ነው የተሠራው፤ ውሃው ተጣርቶ መልሶ ይሠራበታል። ለዚህኛውም ያው ይደረግ። አንድ ጠብታ አይወጣም።

ነጋዴዋ፦ አንድ ጠብታ! ዶክተር፣ ሽሮ ውሃው ተኖ ሲያልቅ ድስቱ ባዶ ይሆናል እንዴ? ከታች የሚያር ነገር አለ። የእርስዎም ማጣሪያ ውሃውን ያወጣና ጨውና ዝቃጩን ያስቀራል። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሲፕሮ የምንለው አንቲባዮቲክ፣ ደግሞ ዝቃጭ ላይ መጣበቅ ይወዳል። የት ሊደፉት ነው? ሕንድ፣ ሃይደራባድ አጠገብ፣ ፓታንቼሩ ላይ የ90 ያህል መድኃኒት አምራቾችን ፍሳሽ የሚቀበል ማጣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት «ታከመ» በተባለው ውሃ ውስጥ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮ አገኘ። ኪኒኑን የዋጠ ሰው ደም ውስጥ እንኳ ይህን ያህል አይገኝም። የእኛ ሐይቅ ደግሞ መውጫ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ያመጣለትን ይዞ ይቀመጣል። እኛ ቆሮሶውን በጥሬው በዳጣ እንበላለን።

ፋርማሲስቱ፦ ስለ ሽሮው ትምህርት አመሰግናለሁ። የፓታንቼሩ ማጣሪያ ፍሳሹን በባክቴሪያ ነበር የሚያክመው። ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ለባክቴሪያ መስጠት ጅብን ለፍየል አደራ ማለት ነው። ያልሞተውም መድኃኒቱን ይላመዳል። እኔ የምለው መጀመሪያ እዚያው ፋብሪካው ውስጥ መድኃኒቱ ይፍረስ ነው። «መውጫ የለውም» ያልሽውም መውጫ ወንዝ የለውም ለማለት ከሆነ ነው እንጂ፣ በመሬት ውስጥ ይሰርጋል። ደግሞስ በየቤቱና በየሆስፒታሉ የሚዋጠው አንቲባዮቲክ በሽንት የት የሚሄድ ይመስልሻል? ስለሱ አንድ ቀን ጮኸሽ ታውቂያለሽ?

ነጋዴዋ፦ በመሬት ውስጥ ይሰርጋል! ይህ ሊያጽናናኝ ነው? ጉድጓድ ውሃ የሚጠጣው ሰው ይስማዎት። ዝቃጩንስ ለምን ዘለሉት?

ፋርማሲስቱ፦ አልዘለልኩም። በከፍተኛ ሙቀት ይቃጠላል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2024 ስለዚሁ ስለ አንቲባዮቲክ ፋብሪካ ፍሳሽና ደረቅ ቆሻሻ መመሪያ አውጥቷል። ከዋናው ንጥረ ነገር እስከ ኪኒኑ ድረስ ይመለከታል። «ዶክተር» የምትይኝ ለሽሙጥ ከሆነ ደግሞ ተይው። 22 ዓመት ቆሜ ሠርቻለሁ።

ነጋዴዋ፦ ቅር አይበልዎት፣ ጋሼ። እኔም ማለዳ 11 ሰዓት ነው የምነሳው። ባለፈው ወር መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ አንድ ፍሪጅ ሙሉ አምባዛ ጣልኩ። ኦዞኑም ማቃጠያውም በመብራት ነው የሚሠራው አይደል? መብራት ሲሄድ ማምረቱ ይቆማል ወይስ ማጣሪያው ብቻ?

ፋርማሲስቱ፦ ጄኔሬተር ይኖራላ! ስለ መድኃኒት ጀምረን ስለ መብራት ኃይል ሆነ ክርክሩ። እሺ፣ ማጣሪያው ሲቆም ምርቱም እንዲቆም በሕግ ይጻፍ። በዚህ አልከራከርም።

ነጋዴዋ፦ ይጻፍ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ የሚቆመው ግን የማን ተቀጣሪ ነው?

ፋርማሲስቱ፦ የመንግሥት ተቆጣጣሪ።

ነጋዴዋ፦ ሌሊት 8 ሰዓት!

ፋርማሲስቱ፦ እንግዲያው አንቺው ቁሚ።

ነጋዴዋ፦ እቆማለሁ። ቁልፉን ይስጡኝ።