ከሴሉ ጀርባ ያለችውን ወረቀት አትላጧት

ስለ ድሮ የዲዝኒ አኒሜሽን ሥዕሎች ሰብሳቢዎች የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ። ዋጋው ላይ ብቻ ማተኮራችሁ ግን ቅር አሰኝቶኛል። ሴል ማለት ግልጽ ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ሥዕል ነው። ካሜራ ካነሳው በኋላ ሥራው አለቀ። ስለዚህ ብዙው ታጥቦ እንደገና ተሠርቶበታል፣ ሌላው ተጥሏል። እ.ኤ.አ. በ1955 ዲዝኒላንድ ሲከፈት ደግሞ እዚያው ፓርኩ ውስጥ አርት ኮርነር የሚባል ሱቅ ከተረፉት ለጎብኚዎች በጥቂት ዶላር ይሸጥ ነበር። ሱቁ ከሴሉ ጀርባ ይለጥፋት የነበረችው ወርቃማ ወረቀት ሴሉ ከየት እንደመጣ ስለምታሳይ ዛሬ ለተመራማሪ ትልቅ ማስረጃ ናት። እባካችሁ፣ ፍሬም ስትቀይሩ አትላጧት!

የሴቶቹ ነገር ደግሞ ያንገበግበኛል። በ1937 ለታየው የስኖው ዋይት ፊልም ሴሎቹን በቀለም የሞሉት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ነበሩ። በፊልሙ ላይ ግን ስማቸው አልተጻፈም። የዲዝኒ ሠዓሊዋ ሜሪ ብሌር ቢያንስ ስሟ ታውቋል፤ ከፊልም የቀለም ንድፍ ተነስታ ለ1964ቱ የኒውዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ስሞል ወርልድ የተባለውን የጀልባ መዝናኛ መልክ ነድፋለች። የሌሎቹ ደብዳቤና ፎቶ ግን የልጅ ልጆቻቸው ቤት ካርቶን ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሰብሳቢ ገንዘቡንና ጊዜውን እዚያም ላይ ቢያውል ደስ ይለኛል። ቀጣዩ ጽሑፋችሁ ስለነሱ ይሁንልን።