የሚያምረው ፊደል አይነበብም፣ የሚነበበው ፊደል ያዛል

ከቃሊቲ ወደ ገላን ወይም ከአየር ጤና ወደ ሰበታ የሚጓዝ ሰው የአስተዳደር ወሰን መሻገሩን ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ከሰሌዳዎቹ ነው። ከላይ የነበረው በግእዝ ፊደል የተጻፈ ስም ወደ ታች ይወርዳል፤ በቁቤ የተጻፈው ኦሮምኛ ከላይ ይሆናል፤ እንግሊዝኛውም እንደየሰሌዳው ቦታውን ይለዋውጣል። በነዚህ ሰፈሮች የሚኖር ሰው ቃሉን ከማንበቡ በፊት የፊደሎቹን ቅደም ተከተልና መጠን ያያል፤ ባየውም መሠረት በማን አስተዳደር ሥር እንደቆመና ማን እንደቀደመ ይረዳል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ የወሰን ውዝግብ በነበረበት በኮዬ ፈጬ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጥቶ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ዓይናችን ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ይበልጥ ነቅቷል።

በወሰኑ ጥያቄ ላይ ፍርድ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። የሚያሳስበኝ ከፊደል አቀማመጥ ፖለቲካ አንጥሮ የሚያወጣ ሕዝብ እያለ፣ በዚሁ ችሎታ ላይ የቆመ ግጥምና የኅትመት ጥበብ እምብዛም አለማየታችን ነው።

ቃላቱ በገጹ ላይ የሚይዙት ቅርጽ የትርጉሙ አካል የሆነበት ግጥም በሌላው ዓለም የቆየ ነው። ፈረንሳዊው አፖሊኔር እ.ኤ.አ. በ1918 በታተመው መድበሉ፣ ጦርነቱ የበተናቸውን ወዳጆቹን ስም ከተወጋች ርግብ ሥር ወደ ላይ በሚፈነጥቅ ውኃ ቅርጽ ደርድሮታል። እኔ ግን ለክርክሬ የምመርጠው የብራዚላዊውን የአውጉስቶ ደ ካምፖስን ሥራ ነው። የአገሩ ጦር ሠራዊት ሥልጣን በያዘ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ገጣሚው በፖርቱጋልኛ ‹ቅንጦት› ማለት የሆነውን ቃል በጌጠኛ ትንንሽ ፊደላት ደጋግሞ አተመ። ወረቀቱን ራቅ አድርጎ የያዘ አንባቢ ግን ትንንሾቹ ፊደላት ተገጣጥመው አንድ ትልቅ ቃል እንደሠሩ ያያል፤ ቃሉም ‹ቆሻሻ› ነው። በሥራው ውስጥ አንድም ግሥ የለም፤ የሚከሰስ ባለሥልጣን አልተጠራም፤ ‹ይውደም› የሚል መፈክርም የለም። ፍርዱን የሚሰጠው ወረቀቱን አቅርቦና አርቆ ያየው ሰው ነው።

እዚህ አዲስ አበባ ዳር ረጲ የሚገኘው የቆሼ የቆሻሻ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ስለ ቆሼ ብዙ ቁጭትና ሐዘን ተጽፏል። ከተማው በሚያስገነባውና ከተማው በሚጥለው ነገር መካከል ያለውን ርቀት፣ እንደ ብራዚላዊው ሥራ በአንድ ወረቀት ላይ ዓይን ለዓይን ያገናኘ አማርኛ ግጥም ግን አላጋጠመኝም።

ይህ ስንፍና የመጣው ከቅርስ እጦት አይደለም። በደብተራ እጅ የሚዘጋጀው ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ በሚቆረጥ ብራና ላይ ጸሎቱንና ጠልሰሙን አብሮ ይይዛል፤ በጠልሰሙ ላይ አፍጥጠው የሚያዩት ዓይኖች ከጽሑፉ ተለይተው የሚታዩ ማስጌጫዎች ሳይሆኑ የፈውሱ አካል ናቸው። እስክንድር ቦጎሲያን ከዚህ ቅርስ ቀድቶ በዓለም የታወቀ ሥዕል ሠራ፤ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍም ፊደልን ዋና የሥዕሉ አካል አደረገው። በወሰኔ ሸራ ላይ የተሰባበሩት፣ የተዘረጉትና የተደራረቡት ፊደላት እጅግ ያምራሉ፤ ቃል ግን አይሠሩም፤ ሠዓሊውም እንዲሠሩ አላሰበም። ይህ ሙሉ መብቱ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ በአንድ ሰውነት ሠዓሊም ገጣሚም ሆኖ ሳለ፣ ‹ሀገሬ›ን የመሰለውን ግጥሙን ለመጽሐፍ፣ ቀለሙን ለሸራ ለይቶ ነው የኖረው። በ1973 ዓ.ም. በስደት ባይሞት ኖሮ ሁለቱ በአንድ ገጽ ይገናኙ ነበር ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፤ ግምት ነው።

የሚነበበው ፊደል በበኩሉ ሌላ መንገድ ሄደ። ‹መሬት ለአራሹ› የሚለው የ1957 ዓ.ም. የተማሪዎች መፈክር ከአብዮቱ በኋላ የመንግሥት ቃል ሆነ፤ ‹ኢትዮጵያ ትቅደም› በአደባባይና በግድግዳ ላይ ከሰው ቁመት በላይ ተጻፈ። ደርግ የታተመ ወረቀት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከማንም በላይ ስለገባው፣ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባን ቤት ለቤት ሲያስስ ከጦር መሣሪያው እኩል የጽሕፈት መኪናና የማባዣ ማሽን ይፈልግ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች መማሪያ ሲያሳትም ኦሮምኛውንም ጭምር በግእዝ ፊደል ነበር። ቁቤ ኦሮምኛ የሚጻፍበት ፊደል ሆኖ የጸደቀው በ1984 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዛሬ ገላን ላይ የሚታየው ሰሌዳ የዚህ ሁሉ ታሪክ ቅሪት ነው፤ የማንበብ ጸጋና የበላይነት ቅሬታ አብረው ታትመውበታል።

አሁን በጀሞ፣ በአያትና በቱሉ ዲምቱ መንገዶች ላይ የፍሌክስ ማተሚያ ሱቆች ሞልተዋል። የሠርግ፣ የምርቃትና የሙት ዓመት ባነር ያትማሉ፤ የድጋፍ ሰልፍ ሲኖርም ሥራው ይበዛላቸዋል። የፖለቲካው ባነር አሠራር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በአንድ ወገን የባለሥልጣን ፎቶ፣ በሌላው የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ፣ በመሐል ደግሞ ትልቅ መፈክር። የተቃዋሚውም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ የሚለወጠው ፎቶውና ቃሉ ብቻ ነው። ሁለቱም አንባቢው እንዲያስብ ሳይሆን እንዲቆጠር ነው የሚፈልጉት። ማሽኑ ግን ምንም በደል የለበትም። የፈለግነውን ያትማል።

እንዲህ ያለ ባለ ሁለት ትርጉም ግጥም በየሰፈሩ ይለጠፍ ሲባል የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ የሚከተለው ነው። ሁሉም በተጠራጠረበት ሰፈር ሁለት ትርጉም የሚሰጥ ወረቀት መለጠፍ እሳት መጫር ነው ይባላል፤ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም ይጠቀሳል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። የእስክንድር ሸራ በሙዚየም ውስጥ ተመልካቹን ይጠብቃል፤ በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግን ልጁን ከትምህርት ቤት ይዞ የሚመለስ የደከመ ሰው ድንገት የሚገጥመው ነው። ይሁንና ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሕዝብ ሁለት ትርጉም አያስደነግጠውም ብዬ አምናለሁ። ደግሞም እስከ ዛሬ ሰውን በሰው ላይ ሲያስነሣ ያየሁት ቃል ትርጉሙ አንድ ብቻ የሆነ፣ ግልጽና ባለ ትልቅ ፊደል ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእንጨትና የሊኖ ኅትመት የሚማሩ ወጣቶችና የሁለቱ ቋንቋዎች ገጣሚዎች አብረው እንዲሠሩ ነው። ግእዝና ቁቤ በአንድ ወረቀት ላይ ከላይና ከታች ሳይሆን ጎን ለጎን፣ ወይም አንዱ በሌላው ክፍተት ውስጥ ቢቀመጡ ምን እንደሚነበብ በእጅ ሠርቶ ማየት ይቻላል፤ ለዚህም ጋለሪ አያስፈልግም፣ ኤ3 ወረቀትና ቀለም ይበቃል። አስቸጋሪው ወረቀቱ የት ይለጠፋል የሚለው ነው። በብሎኩ መግቢያ ያለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚቆጣጠረው የነዋሪዎች ኮሚቴ ነው፤ አጥሩንና የመንገዱን ግድግዳ ደግሞ ወረዳው። ሥራው የሚጀመረው እነዚህን ሁለት አካላት ፈቃድ በመጠየቅ ነው፤ ማመልከቻውም በሁለቱም ፊደላት ቢጻፍ ይመረጣል።