በራሪ ማሽኗ ትነሳለች፤ ቢሮ ግን አታደርስም

ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። ሰውየው ከቤቱ ደጅ የቆመች ትንሽ በራሪ ማሽን ውስጥ ይገባል፣ ቀበቶውን ያስራል፣ ሽቅብ ይነሳል። የመኪናውን ሰልፍ ቁልቁል እያየ ወደ ሥራው ሽው! አኒሜሽን መሆኑን ባውቅም፣ መንገድ ተዘጋግቶ መሪ ላይ ተደፍቼ ስቆይ ተመኝቻታለሁ፤ አልዋሽም።

መብረሩማ ድሮ ተችሏል። አሜሪካዊው ሞልተን ቴይለር የሠራት ኤሮካር የምትባል በራሪ መኪና እ.ኤ.አ. በ1949 በርራለች፤ በ1956 ደግሞ የመንግሥት ማረጋገጫ አግኝታለች። የስሎቫኪያዋ ኤርካርም በ2021 ከኒትራ ብራቲስላቫ በ35 ደቂቃ ገብታ፣ ክንፏን አጣጥፋ በመኪና መንገድ ወደ ከተማ ዘልቃለች። ደስ ይላል! ግን ለመነሳትም ለማረፍም ማኮብኮቢያ ትፈልጋለች። እስከ ማኮብኮቢያው ድረስ ያለው መንገድ ያው የምናውቀው ነው።

እና ባለሙያዎቹ ካለችበት ቀጥ ብላ ወደምትነሳው ዞሩ። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ክንፍ ያለው አውሮፕላን ወደፊት ሲሄድ ክብደቱን ክንፉ ይሸከምለታል። ቀጥ ብላ የምትነሳዋ ግን ክብደቷን በሙሉ በሞተር ጉልበት ማንጠልጠል አለባት። ፕሮፔለሮቿ ባነሱ ቁጥር ደግሞ የምትፈልገው ጉልበት ይጨምራል። ደጅ ላይ የምትቆም ጠባብ ማሽን ከፈለግን ፕሮፔለሩ ማነሱ አይቀርም። ጉልበቱን የሚሰጠው ባትሪ ነው፤ ጥሩ የሚባለው ሊቲየም ባትሪ በኪሎ 250 ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይይዛል። የአውሮፕላን ነዳጅ በኪሎ ወደ 12,000 ይጠጋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ቆጣቢ ነው፤ ቢሆንም ይህን ያህል ጉድለት አይሞላም።

ቀጥ ብላ የምትነሳውን፣ ጄትሰን ዋን የምትባለውን የኤሌክትሪክ ማሽን እንይ። አንድ ሰው ትይዛለች፣ ስምንት ሞተር አላት፣ በአየር ላይ የምትቆየው 20 ደቂቃ ያህል ነው። በአሜሪካ ደንብ ሄሊኮፕተር፣ አብራሪው በመሣሪያ ሳይሆን በዓይኑ እያየ ሲያበረው እንኳ፣ መድረሻው ደርሶ ለተጨማሪ 20 ደቂቃ የሚበቃ ነዳጅ መያዝ አለበት። ይህን መጠባበቂያ ለጄትሰን ብናስቀምጥላት ከመሬት ሳትነሳ ባትሪዋ አለቀ ማለት ነው።

«የፓይለት ፈቃድ አያስፈልጋትም» ይባላል። እውነት ነው፣ በአሜሪካ። ግን ፈቃድ የማይጠይቀው ያው ደንብ፣ ክፍል 103 የሚባለው፣ እንዲህ ያለች ማሽን ለመዝናኛና ለስፖርት ብቻ ናት ይላል። ሰው ተጨናንቆ ከሚኖርበት ሰፈር በላይ አትበርም። ሌሊትም አትበርም። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ትነዷታላችሁ፣ ሥራ ግን አትሄዱባትም! እኔ ያየኋቸው እውነተኛ ቪዲዮዎች ሜዳና ውሃ ላይ የተቀረጹት ለዚህ ይመስለኛል። አኒሜሽኑ ነው ከተማ መሀል የሚበረው።

ሕጉ ተስተካከለ፣ ባትሪውም ተሻሻለ እንበል። ቢሮ ደረስኩ። መኪና ማቆሚያው ላይ ልወርድ ስል አቧራው ይነሳል፣ የጥበቃው ኮፍያ ይበራል፣ መስኮት ከፍቶ ስልክ የሚያወራው ሰውዬ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። ይህ የእኔ ብቻ ነው። ከኋላዬ ሒሳብ ክፍሉ በሙሉ ተራውን እየጠበቀ አየር ላይ ቆሟል፤ የእያንዳንዳቸው ባትሪ እየወረደ ነው። መኪና ቢሆን ዳር ይዘው ይጠብቁ ነበር።