ሺህ ዓመት ያንግሥልን፣ አባ ስልሳን!

እናቴ ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ መጣች። ውቅያኖሱን በሰላም ተሻግራለች። መከራዋ የጀመረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለው ደለስ ኤርፖርት በር ላይ ነው። የኔ መኪና ጋራዥ ስለገባች፣ አንድ የሰፈራችን ታላቅ ሰው "እኔ እያለሁ?" ብለው በሃይብሪዳቸው፣ ማለት በቤንዚንም በባትሪም በምትሄደው መኪናቸው፣ ሊያደርሱን መጡ። መሪውን ሲጨብጡ አየሁና ልቤ ቀጥ አለ። አባ ስልሳ እጅ ወድቀናል።

መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለ አበሻ ሁሉ ቢያንስ አንድ አባ ስልሳ አያጣም። የድሮ ጀግና የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር። የዘንድሮው ጀግና ፈረሱ ፕሪየስ የምትባለው የቶዮታ ሃይብሪድ ስለሆነች፣ ስሙ የሚወጣው በአንድ ጋሎን ከሚያስኬዳት ማይል ነው። የ2012 ሞዴል ፕሪየስ በደህናው ቀን 50 ማይል ትሄዳለች። 50 ለተራ ሰው ነው። ጀግና 60 ካላስቆጠረ እንቅልፍ አይወስደውም። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው እንኳ ጠጋ ብለው "ዛሬ ስንት አመጣህ?" ይባባላሉ። የልጅ ሪፖርት ካርድ የሚጠያየቁ ነው የሚመስሉት። ይህን ያህል ጀብዱ ያለ ፉከራ መቅረት የለበትም፦

ዘራፍ! አካኪ ዘራፍ!
ባንድ ጋሎን ጋዝ ስልሳ ማይል ጋላቢ፣
ኤሲውን አጥፍቶ እንግዳ አላቢ!

እናቴ ይዛ የመጣችው ሁለት ሻንጣ ነው፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የልጅ ልጅ ቀሚስ። አባ ስልሳ አንዱን ከፍ አድርገው መዘኑና ፊታቸው ጠቆረ። "ይሄ እኮ አንድ ፐርሰንት ነው" አሉ። እውነት አላቸው። 100 ፓውንድ ጭነት የነዳጅ ቁጠባውን 1 ፐርሰንት ገደማ ይቀንሰዋል። ሁለቱ ሻንጣዎች ሲደመሩ 101 ፓውንድ ናቸው። ምስኪን እናቴ ናፍቆት ጭና የመጣች መስሏት ነበር።

ገና ከኤርፖርቱ ሳንወጣ፣ ክፍያው ጋ ቆም ስንል ሞተሩ ዝም አለ። እናቴ ደነገጠች። "ወንድሜ፣ ጠፋብህ እንዴ? ወርደን እንግፋ?" አባ ስልሳ ይህን ጥያቄ ዓመት ሙሉ ሲጠብቁት ኖረዋል። ዞር ብለው "እትዬ፣ አልጠፋም። በባትሪ ነው ያለነው" ብለው ትምህርት ጀመሩ። ከኋላችን ያለው ሰው ክላክስ ሲያደርግ ገና ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር መግቢያው ላይ ነበሩ።

ሙቀቱ በፋራናይት 95 ነው። የአዲስ አበባ ሐምሌ ጋቢ ያስለብሳል፤ የዲሲ ሐምሌ ቆዳህን አውልቅ ይልሃል። ኤሲው ጠፍቷል። ኤሲ ጋዝ ይበላል። መስኮቱም ተዘግቷል። መስኮት ከተከፈተ ነፋስ ይገባና መኪናዋን ይይዛታል። ስለዚህ እኛ እንቀቀላለን። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ምን መሰላችሁ? የዚህች መኪና ትልቁ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ጀርባ ነው። የሚቀዘቅዘውም ከኋላ ወንበሩ ጎን ባለች ወንፊት እኛው የምንተነፍሰውን አየር እየሳበ ነው። እኛ ስንቀቀል እሱም አብሮ ይቀቀላል። ወንፊቷን ደግሞ የእናቴ የእጅ ቦርሳ ደፍኗታል። "ጋሼ፣ ባትሪው እንዳይሞቅ ትንሽ ኤሲ ብንከፍት?" አልኩ፤ ለእናቴ ነው ብል እንደማይሰሙኝ አውቄ። "ባትሪ ሙቀት ይወዳል" አሉኝ። ታላቅ ሰው ናቸው፤ ምን እላለሁ። ባትሪው ሲሞት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሲጠየቁ ያኔ ይነጋገራሉ።

ሃይዌይ ገባን። የአባ ስልሳ ጥበብ እዚህ ነው የሚታየው። ረገጥ፣ ለቀቅ። ረገጥ፣ ለቀቅ። እስከ 55 ያፈጥኗታል፣ እግራቸውን ያነሳሉ፣ ወደ 40 እስክትወርድ በራሷ ትንሳፈፋለች፣ ደግሞ ይረግጣሉ። ዘዴው እውነተኛ ነው። ባዶ መንገድ ላይ፣ ብቻውን ለሚነዳ፣ ሥራ ለሌለው ሰው ጥሩ ይሠራል። እሳቸው ግን ግራ መስመር ይዘው ነው የሚንሳፈፉት። ከኋላችን የተሰለፈው መኪና የሠርግ አጀብ ይመስላል። ክላክሱም እንደዚያው ነው። አባ ስልሳ በመስታወት አይተው "ፈረንጅ ምን እንደሚያስቸኩለው አይገባኝም" አሉ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ "መንገዱ ኮረብታ ይበዛዋል?" ስትል ጠየቀችኝ። መንገዱ ጠረጴዛ ነው።

ዲሲን በሚዞረው ቀለበት መንገድ፣ በቤልትዌይ ላይ ወደ ፖቶማክ ወንዝ ስንወርድ ደግሞ ማርሹን ፍሪ አደረጉት። ይህች ጥበብ ከዚህ አገር የተገኘች አይደለችም። አገር ቤት ቁልቁለት ሲያይ ማርሽ የሚያወጣ ሹፌር ያላየ የለም። ከነፍሱ ጋር ቁማር እየተጫወተ ቤንዚን ይቆጥባል። በሃይብሪድ ላይ ግን ቁማሩም ኪሳራ ነው። ፕሪየስ ፍሪ ሲሆን ባትሪው ቻርጅ አይደረግም። ማርሹ እንደገባ ቢተዉትና ፍሬኑን ለስለስ አድርገው ቢይዙት፣ ቁልቁለቱ ራሱ ባትሪውን ይሞላላቸው ነበር። መኪናዋ የተገዛችበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው! እሳቸው ያንን ጥለው በነፃ የሚወርዱ መስሏቸው ፈገግ ይላሉ።

ጎማውንስ አልነገርኳችሁም። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የጎማው አየር ግፊት 35 ይሁን ይላል። አባ ስልሳ 50 አስነፍተውታል። ጠንካራ ጎማ ይንከባለላል፤ ማይል ይጨምራል። የድልድዩን እያንዳንዷን መጋጠሚያ እናቴ በወገቧ ቆጥራታለች።

ድልድዩን እንዳለፍን አንድ ረጅም ትሬይለር ከፊታችን ገባ። አባ ስልሳ ዓይናቸው በራ። ጠጋ አሉ። ደግሞ ጠጋ አሉ። የኋላ በሩ ላይ ያለችው መቀርቀሪያ እስክትታየኝ ድረስ ጠጋ አሉ። ትሬይለሩ ነፋሱን ይሰነጥቅላቸዋል፤ እኛ በጥላው ውስጥ እንሄዳለን።

ይሄ አያስቅም። ፊት ለፊት ምን እንዳለ አይታያችሁም። ሹፌሩም እናንተን አያያችሁም። ፍሬን ከያዘ እሱ በር ይቀይራል፣ እናንተ ሥሩ ትገባላችሁ። ጎማው ከልክ በላይ ተነፍቶ፣ ዝናብ ቢጥል መንገዱን እንደማይቆነጥጥ እየታወቀ፣ የ74 ዓመት ሴት ከኋላ አስቀምጦ! ብቻውን የሚነዳ ሰው በራሱ ላይ ያሻውን ይፍረድ። የሰው እናት፣ የሰው ልጅ ጭኖ ይህን የሚያደርግ ሰው ቆጣቢ አይባልም። ጮህኩባቸው። በሕይወቴ "ጋሼ" በምለው ሰው ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። ራቅ አሉ። ተቀየሙኝም።

ኩርፊያቸውን የተወጡት ጋዝ ስቴሽን ላይ ነው። ታንከሩ ግማሽ ነበር። ግን አንድ ቦታ በጋሎን 6 ሳንቲም ይረክሳል ብለው ከመንገዳችን አስወጡን። ደረስን፤ ሰልፍ ነው። ቆምን። 5 ጋሎን ቀዱ። 30 ሳንቲም ተረፈ። እናቴን ውሃ ጠምቷት ነበርና ከውስጥ ገዛሁላት፤ 2 ዶላር ተኩል።

ወጣቶቹንም ሳላመሰግናቸው አላልፍም። እነሱ የአባ ስልሳ ተቃዋሚ ፓርቲ ናቸው። ሃይብሪድ ይገዛሉ፤ ከቀይ መብራት እስከ ቀይ መብራት እንደ ጥይት ይተኮሳሉ፤ ከዚያ "ይቺ መኪና ቆጣቢ ናት ያለው ማነው?" ብለው ያማርራሉ። እንዲህ መንዳት ከተማ ውስጥ ከ10 እስከ 40 ፐርሰንት ነዳጅ ያባክናል። መብራቱ ከሩቅ ሲቀላ እግር ማንሳት፣ ፍሬን ቀደም ብሎ ቀስ አድርጎ መያዝ፣ አለቀ። ይህን ለማድረግ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ትዕግሥቱን ደግሞ አባ ስልሳ ብቻቸውን ጠቅልለው ወስደውታል።

በመጨረሻ ሲልቨር ስፕሪንግ ደረስን። 27 ማይል የማይሞላ መንገድ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ምንም አልቀረው። አባ ስልሳ ከመውረዳቸው በፊት ዳሽቦርዱን ፎቶ አነሱ። 60.4 ይላል። እኔም በጭንቅላቴ አሰላሁት፦ 27 ማይል በ50 ሳይሆን በ60 ሲነዳ የሚተርፈው አንድ አሥረኛ ጋሎን እንኳ አይሞላም። ጋሎኑን 3 ዶላር ተኩል ብንለው፣ 31 ሳንቲም።

እናቴ ግን ሌላ ነገር ነው የገባት። ሰውየው ኤሲ የማይከፍቱት፣ በየመንገዱ ሞተር የሚያጠፉት፣ ከመኪና ጀርባ የሚሸጎጡት ቸግሯቸው ነው። አንጀቷ ተላወሰ። ወደ ጎን ጠራችኝና "ይሄ ምስኪን፣ ነዳጅ አጥሮት ነው እኮ እንዲህ የሆነው። እንዴት ዝም ትያለሽ?" ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ መቀነቷን ፈታች። ስትመጣ ለክፉ ቀን ብለን የሰጠናትን 20 ዶላር አወጣች። "እንካ ወንድሜ፣ ነዳጅ አድርግበት" አለች።

አልተቀበሉም ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ።